ወፍራሙን የት በላው?

እማማ የባለቤታቸውን ኮት ከበሩ ጀርባ አወረዱና አፍንጫቸውን ኮሌታው ውስጥ ከተቱ። ቀጥለው እጅጌውን አሸተቱ። ኪሶቹንም አንድ ባንድ ገልብጠው አሸተቱ። ሲጋራ፣ ናፍጣ፣ ሳሙና፣ ከዚያ እሱ ራሱ። እሱ ራሱ ሲመጣባቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ዝርፍጥ አሉ፤ ኮቱን ግን አልለቀቁም።

“እማዬ፣ ሳሎን እኮ ሰው ሞልቷል። ምን እየሠራሽ ነው?” አለች መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው፣ በሩን በክርኗ ገፍታ ገብታ። የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛለች።

“ቅቤ ይሸት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።”

“የምን ቅቤ?”

“ኮት ቅቤ ይይዛል። ሰውዬው የሆነ ቦታ በልቶ ነው የሞተው።”

ልጅቷ ትሪውን አስቀምጣ ኮቱን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደችና መልሳ ሰቀለችው። “አባዬን ማንም ምንም አላደረገውም። ልቡ ነው። ሐኪሙ በማንኛውም ቀን ሊሆን ይችላል ብሎን አልነበር?”

ብሎ ነበር። እማማ ግን ማንኛውም ቀን የሚባል ቀን አያውቁም። የሚያውቁት ያን ቀን ነው። አመሻሽ ላይ ፊቱ በርቶ ገባ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ውሃ ስጪኝ አለ። ሰጡት። ደግሞ አለ፤ ጨመሩለት። ደግሞ። “ምን ሆነሃል ዛሬ፣ ግመል ሆንክ እንዴ?” አሉት። ሳቀ። የአንድ እግሩን ጫማ አውልቆ ወደ ሌላኛው ጎንበስ እንዳለ፣ ማሰሪያውን ሳይፈታው ቀረ።

ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው የሚያስቡት ውሃውን ነበር። ሰው እንደዚያ የሚጠማው ምን ሲበላ ነው? አንድ ቦታ ጨው በልቶ ከሆነ፣ ያበላውን ሰው በሕይወታቸው ይቅር አይሉትም። ሳይበላ ከሆነ ደግሞ እንዳማረው ሄደ ማለት ነው፤ የከለከሉት ራሳቸው ናቸው። የትኛውን እንደሚመኙ አያውቁም። በልቶ ቢሆን ይላሉ፣ ወዲያው ደግሞ አፋቸውን ይይዛሉ።

ሐኪሙ ያን ጊዜ ብዙ ነገር ተናግሮ ነበር። እሳቸው ይዘውት የወጡት አንዱን ብቻ ነው፦ ጨው ይቅር፣ ቅቤ ይቅር። ቤት እንደገቡ የጨው ዕቃውን ከነክዳኑ አንስተው ለጎረቤት ሰጡ። ጎረቤቲቱንም “ቢለምንሽ እንዳትሰጪው፣ ሞቶ ታገኚዋለሽ” አሏት። ራሳቸውም ጨው ተዉ፤ እሱ ተከልክሎ እሳቸው ሊበሉ? ከውጭ ሲገባ በር ላይ ጠብቀው ፂሙን ማሽተትም ጀመሩ። “ሚስት ነሽ ወይስ ፖሊስ?” ይላቸው ነበር፣ እየሳቀ ሌላኛውን ጉንጩን እያዞረላቸው።

ሁሉን ቻለው። የከበደው ወፍራሙ ነው። ወፍራሙ ከወንዙ ማዶ ያለው የአገራቸው ምግብ ነው፤ ሌላ ስም ያወጣለት የለም። ባቄላና ዱባ ማንኪያ ቢተክሉበት እስኪያቆም ድረስ አብሮ ይበስላል፣ ከላይ ትኩስ ቅቤ ይፈስበታል። ብርድ ሲመታቸው ወፍራሙ፣ ሆድ ሲብሳቸው ወፍራሙ፣ ልጅ ስትወለድም ወፍራሙ። ጨው የሌለበትን ፊቱ ያቀረቡለት ዕለት አንዴ ጎርሶ ቆም አለ። እማማ ሥራ ያላቸው መስለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲመለሱ ሳህኑ ተጠርጎ ነበር። “እጅሽን ቁርጥማት አይንካው” አለ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ በኋላ ነው ከሰዓት ከሰዓት “እስቲ እግሬን ላፍታታ” እያለ መውጣት የጀመረው።

ሳሎን ሲመለሱ መስኮት ስር የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ያደረጉት ግን ከሚሰማ ጆሮ የሚያመልጥ አልነበረም።

“ከጋራዡ ኋላ፣ አንዲት ሴት ቤት፣ ሲገባ ሲወጣ ይታይ ነበር አሉ።”

“በዚህ ዕድሜው?”

“ዕድሜ ምን ሊያደርግ! ሹፌር አልነበር?”

ልጃቸው ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ “አትስሚያቸው እማዬ፣ አፍ ነው” አለች በጆሯቸው።

“ሴትዮዋ ምግብ ትሸጣለች?”

“እኔ ምን አውቄ!”

“ሴት ብቻ ከሆነችማ እሰየው። ሴት ደም ግፊት አታስነሳም።”

“እማዬ!”

በዚህ መሀል ትኬት ቆራጩ ገባ። ከባለቤታቸው ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ ያ ከፊት እየነዳ፣ ይኼ ከኋላ “ወደ ውስጥ ጠጋ!” እያለ። ለሐዘን ገብቶ እንኳ “እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ” ሳይል አይቀመጥም። እማማ በጣታቸው ጠሩት።

“ፈጣሪ ያጥናዎት እትዬ።”

“ያጥናኝ። ወፍራሙን የት በላው?”

ሰውዬው ቆቡን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። “ምኑን እትዬ?”

“አውቀህ አትተኛ። አንተን ሳያስከትል ጥግ የማይታጠፍ ሰው፣ ብቻውን ነበር ልትለኝ ነው?”

ትኬት ቆራጩ ልጅቷን አየ፤ ልጅቷ ትሪዋን አየች። ማምለጫ እንደሌለው ሲያውቅ ተነፈሰ።

“መጀመሪያ ስታዲየሙ ጥግ ያለው ቤት ሄድን” አለ። “ከወንዙ ማዶ ምግብ አለን የሚል ታፔላ ሰቅሏል። ባቄላው የጣሳ! አንድ ማንኪያ ቀመሰና አሳላፊውን ጠርቶ፣ ‘ልጄ፣ ወንዙን የተሻገረው ባቄላው ነው ጣሳው?’ አለው።”

ከበር በኩል የሆነ ሰው ሳቁን በሳል አፈነው።

“ከዚያ ሲኒማ ቤቱ ደረጃ ስር ያለችው ቤት። የሷ ደግሞ ዱባው ማር ነው። ‘ይኼን ሻማ ተክለሽ ለልደት አውጪው’ አላት። ትልቁ ሆቴልም ሳይቀር ገብተናል እትዬ። በብርጭቆ አቀረቡልን፣ አናቱ ላይ ቅጠል ሰክተው። ቅጠሏን አንስቶ ኪሱ ከተተ። ምን ታደርግልሃለች ብለው፣ ‘ምስክር ትሆነኛለች’ አለኝ።”

እማማ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ሲመጣ ተሰማቸውና ደነገጡ። በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ሰው ያለቀሱ መስሎት ከንፈሩን መጠጠ።

“እና አላገኘም ማለት ነው” አሉ።

ትኬት ቆራጩ ቆቡን ማገላበጥ ጀመረ።

“አላገኘም?”

“አንድ ቤት ቀርታን ነበር” አለ፣ ወለሉን እያየ። “ከጋራዡ ኋላ። ስሟም አይነሳም፣ ታፔላም የላትም።”

“አምጣት።”

“እትዬ፣ እባክዎ...”

“ያበላችውን ሰው አምጣልኝ ብዬሃለሁ።”

ከሄደ በኋላ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ እማማ እጃቸውን እየሰጡ ልባቸው ግን ሌላ ዘመን ነበር። ከተማ በገቡበት ክረምት፣ ገና ሙሽራ ሳሉ፣ ምግብ አልወርድ ብሏቸው ግድግዳ እያዩ ሲያለቅሱ። ባለቤታቸው ወሬ ማብዛት አያውቅም። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ዱባ ታቅፏል። ከአትክልት ተራው ገዝቶ፣ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቡ ያለው የሞተር ክዳን ላይ አስቀምጦ፣ ቀኑን ሙሉ ከተማውን አዙሮት ነው የመጣው። ተሳፋሪው “ይህችኛዋ ወይዘሮ የት ነው የምትወርደው?” እያለ ሲቀልድበት ውሏል። ጃኬቱን ሳያወልቅ ልጦ ሰጣቸው። ያን ዕለት በሉ። ከዚያ ወዲህ ዱባ፣ ባቄላ፣ ቅቤ የት እንደሚገኝ በሹፌር መስኮቱ እያየ፣ ይዞ ሲገባ ኖረ። እሳቸውን ሲከፋቸው ፈልጎ የሚያመጣው እሱ ነበር። እሱን ሲከፋው ግን ፈልጎ ሄደ፤ ያውም ሳይነግራቸው።

ይህችኛዋ ነገር ከሞቱ ባልተናነሰ አንገበገበቻቸው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ መጡ። እማማ በሐሳባቸው የሣሏት ሴት ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የወርቅ ጥርስ ያላት ነበረች፤ የሚሏትን ሁሉ ለዚያች ሴት አዘጋጅተው ነበር። ከትኬት ቆራጩ ኋላ የገባችው ግን ልጃቸውን በዕድሜ የማትበልጥ ከሲታ ናት። ጣቶቿ እሳት የላሳቸው። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

“ባዶ እጄን ከምመጣ ብዬ ነው” አለች፤ የት እንደምታስቀምጠው ግን አላወቀችም።

“ክፈችው።”

ክዳኑ ሲነሳ የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሰው ወሬውን አቆመ። እማማ ማንኪያ ተቀብለው ቀመሱ።

የራሳቸው እጅ ነበር። ከሐኪም ቤቱ በፊት የነበረው እጃቸው።

“ማን አስተማረሽ?”

“አባባ ናቸዋ። ወጥ ቤት ገብተው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው። ‘ባለቤቴ ባቄላውን ነው የምታስቀድመው፣ ባለቤቴ እንዲህ አታማስልም፣ ባለቤቴ ብታይሽ ማንኪያውን ትቀማሽ ነበር’ እያሉ። እኔ እኮ እማማ፣ ሳላይዎት ነው የማውቅዎት።”

“ጨውስ?”

“ጨመር አድርጊ አሉኝ። ጨመርኩ። ትንሽ ደግሞ አሉኝ።”

“ያን ዕለት በላ?”

“በሉ። ድገሚኝም አሉ። ሌላ ጊዜ ይቀልዳሉ፣ ያን ቀን ግን ‘ይኸው’ ብቻ ነው ያሉት። ይኸው ብለው ዝም።”

አገኘ ማለት ነው። እማማ የሆነ ነገር ከደረታቸው ሲወርድ፣ በወረደበት ቦታ ደግሞ እሳት ሲገባ ተሰማቸው። “እኔ ቁንጣሪ ጨው እንኳ እንዳይቀምስ ቤቴን ባዶ አድርጌ!” አሉ፤ ድምፃቸው ከራሳቸው ቁጥጥር ወጣ። “እንደ ሕፃን አፉን እያሸተትኩ! አንቺ ትንሽ ደግሞ ሲልሽ ጨመርሽለት?”

“አልነገሩኝም!” ሴትዮዋ ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ እዚያው ተንበረከከች። “በናቴ ሞት አልነገሩኝም። ቀብር ላይ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ እሳት አላነደድኩም፤ ይኼን ራሱ ለእርስዎ ብዬ ነው የሠራሁት። እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው?”

“ኧረ ተዪ! ሐኪሙ እኮ በማንኛውም ቀን ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር” አለች ልጃቸው። ለእናቷ ያልሠራው ለዚህችም አልሠራም።

“እትዬ” አለ ትኬት ቆራጩ፣ ቆሞ እንደቀረ። “ጥፋቱ የሷ አይደለም። እኔ ብዬዋለሁ። ምን ከተማ ያዞርሃል፣ ሚስትህን ቆንጠር አድርጊልኝ ብለህ ለምናት አልኩት። ምን አለኝ መሰለዎት? ‘ብለምናት እንቢ አትለኝም። ከዚያ አንድ ቀን ክልትው ያልኩ እንደሆነ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት እያለች ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ሌላ ሰው ያብላኝ’ አለኝ።”

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

ሌላ ሰው። እማማ ሌላ ሰው የተባለችውን አዩ። ወለሉ ላይ ናት፤ በተቃጠሉ ጣቶቿ የፎጣውን ጫፍ ታሻለች፣ መልስ ትጠብቃለች። ሰውዬው ለሚስቱ አሰበ። ለሚስቱ ሲያስብ ለዚህች አላሰበም። ቢኖር ይቆጡት ነበር፤ “ያንተ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው!” ይሉት ነበር፤ እሱም ጉንጩን ያዞርላቸው ነበር። ማንን ይቆጡ?

አልገደልሽውም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አያውቁም። ገደልሽው እንዳይሉም አያውቁም። 

ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ። ሴትዮዋን ክንዷን ይዘው ፍራሹ ላይ ሳቧት፣ በእሳቸውና በልጃቸው መሀል። ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ሳብ አድርገው ግማሹን እሷ ላይ ጣል አደረጉ።

በሩ ተከፈተና አንድ የማያውቁት ጎልማሳ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። የእማማን እጅ ያዘ፤ “ፈጣሪ ያጥናዎት” አለ። ቀጥሎ ለሴትዮዋ እጁን ዘረጋ።

“ፈጣሪ ያጥናሽ። አባት አይጠገብም።”

“ኧረ እኔስ...” ብላ ልትነሳ ስትል፣ እማማ ከብርድ ልብሱ ስር ጉልበቷን ጫን አድርገው ያዙት።