ጠመኔው ሳይራገፍ

የእህቴ ልጅ በሒሳብ ፈተና ስምንት አመጣች።

"ከስንት?" አልኳት እህቴን።

"ከሃምሳ ነዋ። ከአሥር ቢሆን ኖሮ አንቺን ምን አስጠራኝ?" ስፒል በከንፈሯ ይዛ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ስለነበር ቀና እንኳ አላለችም። "ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ አይደል? እስቲ አንድ ቀን ይጥቀመን።"

እውነቷን ነው። ሩቅ አገር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ልጆች ፈተና ላይ ለምን እንደሚሳሳቱ ነው። መቶ ሰባ ገጽ ጽፌ ተመርቄበታለሁ። ከተመለስኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ ሥራ እስካገኝ የማድረው ከእህቴ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ጠዋት ስነሳ እዚሁ እቀራለሁ እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሻንጣዬ ዚፕ ይሠራ እንደሆነ እሞክራለሁ።

ለድጋሚ ፈተናው ሁለት ሳምንት ተኩል ቀርቷል። ልጅቷ ሠላሳ ካላመጣች አራተኛ ክፍልን ትደግማለች። መድገሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ታናሽ እህቷ ዘንድሮ ሦስተኛን ጨርሳ እዚያው ክፍል ልትገባ ነው። ታናሺቱ ነገሩን ገና ከአሁኑ እያጣጣመችው ነበር።

"አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው" አለች እራት ላይ። "መስኮቱ ጋ ግን እኔ ነኝ።"

ትልቋ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀምጣ ከጠረጴዛው ተነሳች። እናቷ ልትጠራት አፏን ከፈተችና ተወችው።

የክፍሏ ልጆች "ላጲስ" እያሉ ነው የሚጠሯት። አጭርና ድንቡሽ ያለች ስለሆነች መስሎኝ ስቄ አልፌው ነበር። ያኔ ለምን ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ሳምንት ይተርፈኝ ነበር።

በማግስቱ ካርቶን ቆርጬ በትልልቁ ጻፍኩና ከካውያው ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢ። ቁጥሮቹን አስምሪባቸው። የከበደሽን ዝለዪና ቀላሉን አስቀድሚ። መልሱ ስንት አካባቢ እንደሚሆን ገምቺ። ከአራቱ ምርጫዎች ሊሆን የማይችለውን አስወጪ።

እህቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አነበበችው።

"ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለመሥራት ነው ወይስ ከሒሳብ ለማምለጥ?"

"ስልት ነው።"

"ሱሪ ለማሳጠርም ስልት ካለሽ እሱንም ለጥፊልኝ።"

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከላፕቶፔ ያወጣኋቸውን ጥያቄዎች እሰጣታለሁ፤ አሥር ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ባለ አራት ምርጫ። እሷ ጨርቅ ከሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ትቀመጣለች፤ እኔ የስልኬን ሰዓት ሞልቼ ጀርባዬን እሰጣትና በመስኮቱ መንገዱን አያለሁ። ልጅ ሲፈተን አናቱ ላይ መቆም ያስጨንቀዋል ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሠንጠረዥ ሁሉ አለው።

መልሶቿን ሳይ ግራ ተጋባሁ። ከአሥር ዘጠኝ፣ ከአሥር ስምንት፣ ከአሥር ዘጠኝ። ስልቱ ሠራ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ሰዓቱ ያበሽቀኛል። ሃያ ደቂቃ የሚበቃው ነገር አርባ ይፈጅባታል።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እየጨረስኩ ነው።"

"መልሱን ካገኘሽ በኋላ ምን የሚጨረስ ነገር አለ?"

"ይጨረሳል" ትለኛለች፣ እኔ ሞኝ የሆንኩ ይመስል።

ከተነሳች በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጠቆር ያለ ፍርፋሪ ይቀራል። የጨርቅ ብናኝ ነው ብዬ በመዳፌ ጠርጌ እጥለው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አርብ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። "እንዲህ የምትሠራ ልጅ እንዴት ብላ ስምንት አመጣች?" አልኩ።

"ለምን መምህሩን አትጠይቂያቸውም?" አለች እህቴ። "ሰውየው ከጠሩኝ ወር ሆናቸው፤ እኔ ከዚህ ማሽን ተነስቼ የት ልሂድ።"

መምህሩ ሸምገል ያሉ፣ ቀይ እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ የሰኩ ሰው ናቸው። የመምህራን ክፍል ውስጥ ከአንድ ዝገት ከጀመረው የብረት ቁምሳጥን በክር የታሰረ የወረቀት ክምር አወጡ።

"ለልጅቷ ምኗ ነሽ?"

"አክስቷ ነኝ።"

"ያቺ ከውጭ የመጣችው?"

"አዎ።"

"ጎሽ" አሉና ወረቀቷን ፈልገው ሰጡኝ።

አሥር ጥያቄ ነበረው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር የአንድ መዳፍ ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

"ምርጫው የት አለ?"

"የምን ምርጫ?"

"ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።"

መምህሩ በመነጽራቸው አናት አዩኝ። "ለሒሳብ ምርጫ ሰጥተን አናውቅም። የምናየው ሥራውን ነው። አራት ማርክ ለሥራው፣ አንድ ለመልሱ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በሌለ ምርጫ ላይ ማስወጣት ሳስተምራት ከርሜያለሁ።

ሦስተኛውን ጥያቄ አነበብኩ። ሠላሳ ስድስት እርሳስ የያዙ አሥራ አራት ሳጥኖች ለአሥራ ሁለት ክፍሎች እኩል ቢከፋፈሉ ለአንድ ክፍል ስንት እርሳስ ይደርሰዋል? ከሥሩ ባዶ ነጭ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ በቆንጆ ጽሕፈት 42። ልክ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ፤ ስምንቱ ልክ፣ ስምንቱም ባዶ።

"ስምንት ልክ መልስ፣ ስምንት ማርክ" አሉ መምህሩ። "ገልብጣለች አልልም፤ አጠገቧ ካሉት ስምንቱን ልክ ያገኘ የለም። ግን ላላየሁት ሥራ ማርክ ከየት ላምጣ?"

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ባዶ አልነበረም። ነጩ ቦታ ሳስቷል፣ ፀጉር አውጥቷል፣ እርሳስ ተጭኖ ያለፈበት ጎድጎድ ያለ መስመር ይታያል። እርሳስ ለምኜ በጎኑ ቀስ እያልኩ ቀባሁት። ከጥቁሩ መሐል ነጭ ሆኖ 36 ሲባዛ በ14 ብቅ አለ፤ ከሥሩ 504፣ ከዚያ ለአሥራ ሁለት ስታካፍለው ደረጃ በደረጃ።

መምህሩ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ሠርታዋለች" አልኩ። "ሠርታ አጥፍታዋለች።"

"ይገርማል" አሉ። ቀጥለው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። "ልጄ፣ እኔ መቶ ሃያ ወረቀት ነው የማርመው። እያንዳንዱን እርሳስ እየቀባሁ ልፈልግ?"

"ይሄን አንዱን እንኳ።"

"ውጤቱ ተላልፏል። ድጋሚው ሰኞ ነው።"

የሚያናድደው እውነታቸውን መሆኑ ነው። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ መጣሁ። ፈተናው ምን ዓይነት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ያን ሁሉ ስጽፍ "ከሁሉ በፊት ልጁ የሚፈተነውን ፈተና ተመልከቱ" የሚል አንድ መስመር እንዴት አልጻፍኩም? ጽፌያለሁ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ።

ልጅቷን ጠረጴዛዋ ላይ አገኘኋት።

"ሥራውን ለምንድን ነው የምታጠፊው?"

"ያስጠላል።"

"ማን እንዲህ አለሽ?"

"ማንም። ያልተጨረሰ ይመስላል።"

ካርቶኑን ገነጠልኩና በሌላ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ አታጥፊ። ላጲሷንም ወሰድኩባት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ሠንጠረዡ ገደል ይግባ። ማባዛቱን ሠራች፣ ማካፈሉን ሠራች፣ መልሱን ጥግ ላይ ጻፈች። ከዚያ ግራ እጇ ጠረጴዛውን ይዳብስ ጀመር። ላጲሱን ሲያጣ ጣቷን በምላሷ አርጥባ ማሸት ያዘች። እጇን ያዝኩት። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ እንደገና። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱ ተበሳ።

"ምን ነክቶሻል?" ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። "አንድ ነገር ነው አታድርጊ ያልኩሽ። አንድ ነገር።"

ግንባሯን ክንዷ ላይ ደፋች። "ከሷ ጋ አልቀመጥም" አለች፣ ድምፅዋ በእጅጌዋ ታፍኖ። "አንድ ክፍል አልገባም። ትምህርት ቤት እተዋለሁ እንጂ አልገባም።"

የስፌት ማሽኑ ቆመ።

"ጨረስሽ?" አለችኝ እህቴ።

"እኔ እኮ —"

"ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የቤት ሥራዋን እዚህ ነው የምትሠራው። ጠመኔ ያለበት ልብስ ከዚህ ቤት አይወጣም ስል ነው የምትሰማው። ያሰመርኩትን ሁሉ ሳራግፍ ነው የምታየው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ካርቶን ለጠፍሽ።"

ተነስታ ከመስቀያው ላይ አንድ ጃኬት አወረደች። አንድ እጅጌ ብቻ ነው ያለው። ደረቱ ላይ ነጭ የጠመኔ መስመሮች፣ ትከሻው ላይ ላላ ብሎ የተወጋ ቀይ ክር፣ ወገቡ ዙሪያ ስፒል። ልጅቷ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ልጅቷ አንድ ዓይኗን ከክንዷ አወጣች። "የዚያች ሴትዮ ጃኬት።"

"ለምን አላራገፍኩትም?"

"ገና ነዋ። ማክሰኞ ልትለካው ትመጣለች።"

"አሁን ባራገፍኩትስ?"

"የት ጋ እንደምትሰፊ ይጠፋሻል።"

"ሴትዮዋስ? የቱ ጋ እንደጠበባት በምን ታሳየኛለች?" እህቴ የተበሳውን ወረቀት በጣቷ ነካ አደረገችው። "መምህርሽ ገና ሊለኩት ነው። ለብሰውት ሊሄዱ አይደለም።"

ልጅቷ ቀና አለች። ጃኬቱን አየች፣ ወረቀቱን አየች።

"ታዲያ መቼ ነው የሚራገፈው?"

"ከታረመ በኋላ። ያኔ እንደፈለግሽ።"

እህቴ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ልጅቷ አራተኛውን ጥያቄ ሠራች፤ ግራ እጇ ተነሳ፣ አየር ላይ ቆየ፣ ጭኗ ላይ ተመለሰ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴን እያሰብኩ በካርቶኑ ጥግ እጄን እቧጭር ነበር።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኋት። ከሁሉም ኋላ ወጣች።

"ስንቱን ሠራሽ?"

"ሰባቱን።"

"ሦስቱስ?"

"ሰዓት አለቀ።"

"እንዴት ያልቃል? የከበደሽን ዝለዪ ብዬሽ የለም?"

"አልከበደኝም። እጄ ነው ያስቸገረኝ። መምህሩ ላጲስ ለሁላችንም አደሉን።"

"ምን አደረግሽው?"

"ተቀመጥኩበት።"

ውጤቱ ሐሙስ መጣ። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠችው ለእናቷ ነበር፤ እኔ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት። ሰባት ሥራ፣ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተሞላ፣ በቀይ ምልክት የተደረገበት። አንዱ ላይ ሁለት ማርክ ተቀንሷል። ከግርጌ 33 ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ ተሰርዞ "ለጽዳት ጉድለት 2 ተቀንሷል፤ 31። ሥራሽን በንጽሕና አቅርቢ።"

ጫማዬን ፈለግሁ።

"ወዴት ነው?" አለች እህቴ።

"እሳቸው ዘንድ። የትኛውን ነው የሚፈልጉት? ስታጠፋው አልታየም፣ ሳታጠፋው ቆሸሸ። በአንድ ማርክ እኮ ነው የተረፈችው።"

"አክስቴ፣ ተይው" አለች ልጅቷ። "አልፌያለሁ እኮ።"

"ታዲያ እኔ ከማን ጋ ልቀመጥ ነው?" አለች ታናሺቱ ከበሩ ሥር፣ ከልቧ አዝና።

ልጅቷ ጠረጴዛዋ ጋ ሄደች። ከኪሷ አንድ ላጲስ አወጣች፤ ተቀምጣበት ጠፍጠፍ ብሏል። ወረቀቱን አነጠፈችና እናቷን አየቻት።

"አሁን ታርሟል፣ አይደል?"

"ታርሟል።"

ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረች። አንድ ጫማዬን ብቻ እንዳደረግሁ አናቷ ላይ ቆምኩ። ሠርታ ማለፏን የሚያሳይ በእጃችን ያለ ብቸኛው ወረቀት ነው፤ ተይ ልላት አፌን ከፈትኩ። እህቴ ከማሽኑ ቀና ሳትል "ቃል ገብቼላታለሁ" አለች።

ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ይወርድ ጀመር። አጠፋፏ ጥድፊያ ነበረበት፣ ወረቀቱም እየተሸበሸበ ነበር። እንዳይቀደድባት ጫፉን ያዝኩላት።