የእትዬ ተረከዝ

ሃያ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሳጥብ ኖሬአለሁ፤ ደም አይቼ ፊቴን አዙሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን አንድ ሳፋ ውሃ አንገሸገሸኝ።

ጎትታ የወሰደችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ እግሯ መደንዘዝ ከጀመረ ወዲህ በየሳምንቱ ሪፍሌክሶሎጂ የሚሉት የውስጥ እግር ማሸት ቤት ትሄዳለች። «ውስጥ እግርሽን ሲጫኑልሽ ጉበትሽም ኩላሊትሽም ይፍታታል። መጀመሪያ ትንሽ ያምሻል፣ ከዚያ ድብን ያለ እንቅልፍ ይወስድሻል» አለችኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሳይደርቅ የታጠፈ ፎጣ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ የእግር ሥዕል ሳምባ፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት ተብሎ ተጽፎበታል። እግር የሚያሸው ሰውዬ የአውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጓል፤ ሥሩ ጥቁር እድፍ ነው። እትዬ ቀድማ እግሯን ሳፋው ውስጥ ነከረች። እሱም አውጥቶ ዘይት ቀባና ተረከዟን በአውራ ጣቱ አጥብቆ ይጫን ጀመር።

«ጉበትዎ ተዘግቷል። ያምዎታል?»

«ምንም!» አለች እትዬ፣ ኮራ ብላ።

ተራዬ ሲደርስ ያንኑ ሳፋ በእግሩ ገፋ አድርጎ አቀረበልኝ። ነጫጭ የቆዳ ቅርፊት ውሃው ላይ ተንሳፍፏል፤ በመሃሉ ቢጫ ክር የመሰለ ነገር ይዋኛል። እግሬን ሰበሰብኩ።

«ኧረ ውሃው ይቀየር!»

«እህትዎ ናቸው እኮ፣ ባዳ አይደሉም» አለኝ።

ያን ቢጫ ነገር ግን በሥራዬ አውቀዋለሁ። መግል ነው።

«እትዬ፣ እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»

ተረከዟ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል አፉን ከፍቷል። ሽታው ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። ለካ ሰውየው በዚያ ጥፍሩ ሲደፈጥጥ የቆየው እሱን ነው! ዘይቱ ቁስሉ ውስጥ ያብለጨልጫል።

«መርዙ እየወጣ ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው» አለ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

«ሂድ እጅህን በሳሙና ታጠብ! በዚህ እጅህ ሰው እንዳትነካ!» ብዬ ጮህኩበት።

«አታዋርጂኝ» አለች እትዬ፤ እንባዋ መጣ። «መቼ እንደቆሰለ እንኳ አላውቅም። አይሰማኝም እኮ።»

ደግፌ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳት። ለካ ስኳሯ ጣራ ነክቷል። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አወጣ፤ ሁለት ሳምንት ተኛች። ከተረከዟ ትንሽ ጎደለ እንጂ እግሯ ተረፈ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፋሻዋን የምቀይርላት እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ ይቀፈኛል። የሰው ሁሉ ደም ያላስጸየፈኝ ሴትዮ፣ በገዛ እህቴ እግር ትንፋሼን እይዛለሁ። እትዬ ታዲያ ዝም አትልም።

«ፊትሽን ምን ያኮሳትርሻል? እግር ነው፣ እባብ አይደለም!»