ዝም ያልኩበት ዓመት

የቀይ ሻሼ አንደኛው ጫፍ ተበልቷል። አይጥ አይደለም የበላው፣ እኔ ነኝ። ልጄ ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር «እማ፣ ይሄን ጨርቅ ጣይው እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?» ትለኛለች። አልጥለውም። ሰው ያለውን ይበል።

እኔ ቲማቲምና ሽንኩርት ሻጭ ነኝ። ገበያ ውስጥ ድምፅ ከሌለህ ቲማቲምህ እፊትህ ይበሰብሳል። እግዜር ቁመቱን ቢነፍገኝ ድምፁን አልነፈገኝም። ከገበያው በዚህ ጫፍ ሆኜ «መንገድ ልቀቅ!» ካልኩ በዚያኛው ጫፍ የቆመ ጋሪ ይንቀሳቀሳል። ልጄ ቁመቷን ከኔ ወሰደች፤ ድምፁን ግን ተወችው። ዝምተኛ ናት፣ እንደ አባቷ። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ቀኑን ሙሉ በከንፈሩ ስፒል ይዞ ስለሚውል ማውራት አልለመደም።

ይቺ አጭር ልጄ ኮሌጅ ገብታ የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ተመረጠች። ኳሱን እያነጠረች አምጥታ ለሌሎቹ የምታቀብለው እሷ ሆነች። ጨዋታ ባለ ቁጥር መደቤን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ አዳራሹ ውስጥ ነኝ፤ ከእንጨቱ መቀመጫ፣ ልክ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጀርባ። «ግራሽን!» «ተመለሺ!» «ምን ታቅፊዋለሽ፣ እንቁላል ነው?» እያልኩ ጨዋታውን ከላይ እመራው ነበር። የድሮው አሰልጣኝ፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ይስቁና «ምክትሌ መጣች!» ይሉኝ ነበር። ፊደል እንኳ በቅጡ ሳልቆጥር የኮሌጅ ምክትል ሆንኩ እያልኩ ለገበያው ሁሉ አወራሁ።

ጋሼ ጡረታ ወጡ። በልጄ የመጨረሻ ዓመት አዲስ አሰልጣኝ መጣች። ወጣት ናት። ድሮ ራሷ ተጫዋች ነበረች፣ ጉልበቷን ተጎድታ ነው አሉ ያቆመችው። ስትራመድ አንድ እግሯ ትንሽ ይጎተታል። ልጆቹ «ሹክሹክታ» የሚል ስም አወጡላት፤ ምክንያቱም ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ነው የምታደርገው። ሲብስባትማ ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ካልተጠጉ አይሰማም። ሳያት፣ «ይቺ ገበያ ብትወጣ ጦሟን ነው የምታድረው» አልኩ።

በመጀመሪያው ጨዋታ እንደ ልማዴ «ግራሽን!» አልኩ። አሰልጣኟ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ልጄን አስወጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ደክሟት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ መለሰቻት። «ተመለሺ!» ብዬ ብጮህ እንደገና አስወጣቻት። ያኔ ገባኝ። ደሜ ፈላ።

ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቅኳት።

«ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም፣ እትዬ። ጎበዝ ናት።»

«ታዲያ ለምን ታስወጪያታለሽ?»

«እርስዎ በጮኹ ቁጥር ትወጣለች» አለች፣ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፅዋ። «ዝም ሲሉ ትገባለች።»

«እኔ ነኝ እኮ የወለድኳት!»

«አውቃለሁ እትዬ። ሜዳው ላይ ግን አራት ጓደኞች አሏት።»

«ካልጮህኩማ ያመኛል!»

«ውሃ ይጠጡበት» አለችኝ። ውሃ!

ቤት ገብቼ ለባሌ እየተንጨረጨርኩ ነገርኩት። ስፒሉን ከአፉ አንድ በአንድ አወጣና «ይሄ ሕግ ለቤትም ይሠራል?» አለ። ልጄ ሳቋን ልታፍን ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ግን አልሳቅኩም። እዚያ አዳራሽ ዳግም እግሬ አይረግጥም አልኩ።

በኋላ ሽንኩርት ስለቅም ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማ፣ እንድትቀሪ አልፈልግም።»

«ታዲያ መጥቼ እንደ ግድግዳ ላፍጥ?»

«ኳሱ እጄ ላይ ሲሆን የሚሰማኝ ያንቺ ድምፅ ብቻ ነው።»

«እሰይ የኔ ልጅ!»

«እሰይ አይደለም እማ። ልጆቹ ይጠሩኛል፣ አልሰማቸውም። አሰልጣኟ ካልሰማሻቸው ቦታሽን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ ብላኛለች።» ከዚያ የበሰበሰችውን ሽንኩርት ከእጄ ወስዳ ጣለችልኝ። «የመጨረሻ ዓመቴ ነው። ወንበር ላይ ልጨርሰው አልፈልግም።»

ለሚቀጥለው ጨዋታ ሄድኩ። የሻሼን ጫፍ ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ።

አንዷ እናት «ጥርስሽን ነው?» ብላ አዘነችልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ቀን ደግሞ አስነጠሰኝና ልጄም አሰልጣኟም እኩል ዞሩ። ለማስነጠስ እንኳ ፈቃድ ልጠይቅ?

ግን ዝም ስል አዳራሹ መናገር ጀመረ። ጫማው ወለሉ ላይ እንደ ጫጩት ይጮኻል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እንደ ተደፋ ምስር ይንኳኳል። ልጆቹ ደግሞ «እዚህ ነኝ!» «ከኋላሽ!» እየተባባሉ ይጠራራሉ። ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ ይጠራሩ እንደነበር አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስ ሁሉንም በድምፃቸው ለየኋቸው። አንዷ ብቻ አትጣራም፤ «ምሰሶ» የሚሏት ረጅሟ። ዓይን አፋር ናት። ኳስ ስትፈልግ ክፍል ውስጥ ሽንት ቤት እንደሚያስፈቅድ ተማሪ እጇን ብቻ ታነሳለች። አሰልጣኟ በልምምድ «ካልጠራሽ አትቀበይም» ብላት፣ ስንት ልምምድ ኳስ ሳትነካ ዋለች።

አንዱን ስናሸንፍ አንዱን ስንሸነፍ ዓመቱ ሄደ። ከሁሉ የሚናፍቀኝ ከጨዋታ በኋላ ወደ ቤት የምንመጣበት መንገድ ነው። ድሮ እኔ ጨዋታውን እንደገና እየተጫወትኩት ልጄ ከፊቴ ትፈጥን ነበር። ያን ዓመት ግን አፌ ዝምታ ለመደ መሰለኝ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ የረጠበውን አስፋልት እየረገጥን እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ማንን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ተመርቃ የት መሄድ እንደምታስብ። አሳድጌያት፣ ድምፅዋ ሲስቅ የአባቷን እንደሚመስል የሰማሁት ያን ዓመት ነው። ቤታችን ቢርቅ ብዬ የተመኘሁትም ያን ዓመት።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ያሸነፈ ወደ ትልቁ ውድድር ያልፋል። በአንድ ነጥብ ተመርተን ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ኳሱ ልጄ እጅ ነው፤ ሁለት ልጆች እንደ በር ተዘግተውባታል። ምሰሶ በግራ በኩል ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማ እጇን አንስታለች። ልጄ አላየቻትም። «ግራሽን!» ጉሮሮዬ ላይ መጣ። አሰልጣኟን አየሁ፤ ዞራ አላየችኝም። ዓመቱን ሙሉ በዓይኗ ስትጠብቀኝ፣ ያን ቀን ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሻሹን ነከስኩ። ሲቀደድ ሰማሁት።

«ስጪኝ!»

ቀጭን ድምፅ፣ ሊሰበር የደረሰ። ምሰሶ ናት! ልጄ ሳታይ ወደ ድምፁ ወረወረች። ምሰሶ ቀለበች፣ ዘለለች፣ ለቀቀች። ኳሱ ቀለበቱን ዞረ፣ ዞረና ወደ ውጭ ወደቀ። ፊሽካ። ተሸነፍን።

«አንቺው ብትሞክሪው ኖሮ!» ልላት ተነሳሁ። ልጄ መቀመጫውን እየዘለለች መጣች። ፊቷ እንባ ነው፣ ግን እንደዚያ አብርቶ አይቼው አላውቅም።

«እማ ሰማሽ? ጠራችኝ እኮ!»

«ሰማሁ» አልኩ፣ ሻሹን እንደነከስኩ። ሌላውን ዋጥኩት።

ታች አሰልጣኟ ምሰሶን አንገቷን አቅፋ በጆሮዋ የሆነ ነገር ታወራታለች። ከዚያ እግሯን እየጎተተች ወደኛ ወጣች።

«እትዬ፣ ጨዋታው አለቀ። አሁን መጮህ ይችላሉ።»

አፌን ከፈትኩ። ሻሹ ብቻ ወደቀ። አንስታ የተበላውን አየችና «ይሄስ ከኔ ጉልበት ብሷል» ብላ አጣጥፋ ሰጠችኝ።

ይኸው ልጄ ሌላ ከተማ ትሠራለች። አሰልጣኟን ትልቅ ቡድን ወሰዳት። የአዳራሹ ቆርቆሮ ተቀይሯል፣ ዝናቡም እንደ ድሮው አይሰማም። ሁሉንም እቀበላለሁ። ግን በአንድ ነገር እስከ ዛሬ አልሸነፍም፦ ምሰሶ ግራ ነበረች፣ ቀድሜ ያየኋትም እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ባዶ ቅርጫቴን ይዤ በአዳራሹ በኩል ሳልፍ የኳስ ድምፅ ሰምቼ ገባሁ። የማላውቃቸው ልጆች ይጫወታሉ። በድሮው ቦታዬ አንዲት ሴትዮ ቆማ «ሩጪ! ሩጪ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» ትላለች። ድምፅዋ አይናቅም። ሴትዮዋ በጮኸች ቁጥር ሜዳው ላይ አንዲት ልጅ አንገቷን ትሰብራለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ሻሼን ፈትቼ ዘረጋሁላት።

«ምንድነው?» አለችኝ፣ እንደ እብድ እያየችኝ።

«ሻሽ ነው።»

«ምን ላርገው?»

«ንከሺበት» አልኳት። «ያልተበላው ጫፍ በዚህ በኩል ነው።»