ሦስት ጣት ክፍተት

«ታዲያ ሬሳው በመስኮት ሊወጣ ነው?» አለች ጎረቤቷ ዞሽካ፣ ለለቀስተኛው ዳቦ እየቆረሰች።

ብሮንካ የፊት በሩን እንደገና በትከሻዋ ገፋችው። አባቷ ሺሞን ራሱ በጠረበው የግንድ ግድግዳ ሥር፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተጋደመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ነገ ጧት ይቀበራል። የፊት በሩ ግን እስከ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ይያዛል፤ የጓሮው በር ለሳጥኑ አይበቃም።

«የመሠረቱ ድንጋይ ጥፋት ነው» አለች ዞሽካ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነፍሱን ይማረውና፣ አባትሽ ዕድሜ ልኩን ይህን ሲናገር ኖሯል።»

በእርግጥም ሲናገር ኖሯል። በታትራ ተራራ ግርጌ ያለው ይህ ቤት የተሠራው ብሮንካ በተወለደች ዓመት ነው። ሺሞን ግንዱን ጠረበ፤ ክርስትና አባቷ ክሊሜክ የድንጋይ መሠረቱን ጣለ። በሁለተኛው ዓመት በሩ አልከፈት ሲል፣ ሺሞን «መሠረቱ ሰመጠ» እያለ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲህ ክሊሜክን ቤት ሥራልኝ ያለው የለም። የሠሪዎቹ ስም በሚቀረጽበት የጣሪያው ተሸካሚ ግንድ ላይም የሺሞን ስም ብቻውን ቀረ፤ ጎኑ ባዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ክሊሜክ ሠላሳ ዓመት ወዳልረገጠው ቤት በጓሮ በር ገባ። ቆቡን አውልቆ ጸለየ።

«አባባ፣ በሩን ይዩልኝ» አለችው ብሮንካ።

«እኔ የማውቀው ድንጋይ ነው። የአባትሽን እንጨት ብነካ ተነስቶ ይሰድበኛል።»

ቢሆንም ከበሩ በላይ ያለውን ሳንቃ ፈልቅቆ አሳያት። የግድግዳው ግንድ የበሩ መቃን ላይ ተጭኗል።

«ግንድ ሲደርቅ ግድግዳው ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ከመቃኑ በላይ ሦስት ጣት ክፍተት የሚተወው። አባትሽ ረስቶታል።»

ብሮንካ አሥር ዓመቷ ሳለ፣ አባቷ ያችኑ ሳንቃ ነቅሎ ብዙ ሲያያት ቆይቶ፣ ምንም ሳይል መልሶ ሲቸነክራት አይታለች። አባቷን ትወደዋለች፤ አሁን ግን አፈረችበት።

«ያውቅ ነበር» አለች።

«እንደሚያውቅማ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን ያነሳልኝ ነበር። ቃሉ ነው ካፉ አልወጣ ያለው።»

ብሮንካ የአባቷን መጋዝ አምጥታ የመቃኑን አናት ቆረጠች፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከዚያ መሮና መዶሻውን ይዛ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸካሚው ግንድ ሥር ጎትታ ወጣችበት። መቁጠሪያ ይዘው ይጸልዩ የነበሩት ለቀስተኞች ቀና ብለው አዩአት።

«ሬሳ ባለበት ቤት መዶሻ?» አለች ዞሽካ።

«አባቴም ይስማ» አለች ብሮንካ፣ የክሊሜክን ስም የመጀመሪያ ፊደል እየጀመረች።

ወንበሩ ተንገዳገደ። ክሊሜክ ወጥቶ ከደጃፉ ስስ ድንጋይ አመጣና፣ ተንበርክኮ ካጠረው የወንበሩ እግር ሥር ሸጎጠላት።