አሥራ ሁለት የእንጨት ቤቶች

ማላርኮዲ ገንዳው ውስጥ ተንበርክካ የመጨረሻውን የእንጨት ቤት አሸዋው ላይ ተከለች። ቤቱ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም፤ ጣሪያው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። እንዲህ ያሉ አሥራ ሁለት ቤቶች በሰሜኑ ጫፍ ተደርድረዋል። ከእነሱ በስተደቡብ ትልቁ መንደር፣ ቤተ መቅደሱና የዓሣ ገበያው አሉ። በመንደሩ ፊት፣ ወደፊት ሊሠሩ የታሰቡት አራት የድንጋይ ክንዶች ወደ ውኃው ገብተዋል። አዳራሹን የሞላው ይህ ሁሉ የተወለደችበት የባሕር ዳርቻ አምሳያ ነው።

"የኛ ኢንጂነር! ባሕሩ አስጠልቶሽ በገንዳ ታጠምጂ ጀመር?"

የመንደሩ አለቃ ኩፑራጅ ነበር። አብረውት የገቡት ሽማግሌዎች ሳቁ። ከኋላቸው፣ ራቅ ብሎ፣ አባቷ ዴሳፓን ቆሟል።

"አባዬ? አንተም መጣህ?"

"ና አሉኝ። በአንድ መኪና ነው የመጣነው።" በአንድ መኪና መምጣታቸውን እንደ ምሥራች ነገራት።

ማላርኮዲ ከዓሣ አጥማጅ ወገን ያልሆነ ሰው ስታገባ የመንደሩ ጉባኤ አባቷን አወገዘው። ከዚያ ወዲህ እሳት የሚጭርለት ጎረቤት፣ መረብ የሚስብለት ሰው አልነበረውም። ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሄዶ በአሮጌ ታንኳው ብቻውን ማጥመድ ያዘ።

ማላርኮዲ የማዕበል ማሽኑን አስነሣችው። የብረት ሳንቃው ውኃውን እየገፋ ትንንሽ ማዕበሎች ሰደደ። በዚህ ባሕር አሸዋው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ክንዶቹ አስቀሩት፤ የመንደሩ ዳርቻ እየሰፋ ሄደ። ከአራተኛው ክንድ ወዲያ ግን ማዕበሉ የወሰደውን የሚተካ አሸዋ አልነበረም።

"እዩት፣ እንደ ነጋዴ ሆዱን ሞላ!" አለ ኩፑራጅ የመንደሩን ፊት እያሳየ። ወዲያው አንድ የሰሜን ቤት ዘመም አለ። "በቃ፣ አቁሚው። አየን።"

"በገንዳው አቆጣጠር ገና አንድ ክረምት ነው ያለፈው፣ አለቃ። የምንፈትነው ሦስት ክረምት ነው።"

"ምሳው እየቀዘቀዘ ነው።"

አላቆመችም። ቤቱ ወደቀ፤ ሌላው ተከተለው። ቀይ ሰባት ቁጥር ያለበት ተገልብጦ አሸዋ ዋጠው።

"ይሄኛው የማን ነው?" አለ አንድ ሽማግሌ።

"የኔ ነው፤" አለ ዴሳፓን።

"አይዞህ፣ አንተ እንደሆን ዋና ትችላለህ።"

ሁሉም ሳቁ። ዴሳፓንም አብሯቸው ሳቀ። ማላርኮዲ አባቷ ከሰው ጋር ሲስቅ ካየች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር።

"ሌላ መንገድ አለ፤" አለች ማሽኑን አጥፍታ። "ክንዶቹ የሚይዙትን አሸዋ በየዓመቱ በቧንቧ ወደ ሰሜን ማሻገር ይቻላል።"

"በየዓመቱ ማን ሊከፍል? መንግሥት የሚሰጠን ድንጋይ ብቻ ነው፤ እሱንም ዳርቻው ላይ ያለ አባወራ ሁሉ ከተስማማ ነው። የሰሜኖቹ አሥራ አንዱ በኔ ጀልባ ሠርተው ነው የሚያድሩት፤ እሺ ብለዋል።" ኩፑራጅ ከቦርሳው የናስ ሳሕን አወጣ። ሳሕኑ ላይ በአገሩ ልማድ ለስምምነት የሚታኘክ አረንጓዴ ቅጠልና የተከተፈ ፍሬ ነበረ። በሁለት እጁ ዘረጋው። "ዴሳፓን ወንድሜ፣ ውሰድ።"

ከአለቃው እጅ ቅጠል የተቀበለ ሰው ውግዘቱ ይነሣለታል። ከተቀበለም በኋላ አለቃው የጠየቀውን እንቢ አይልም።

"አባዬ፣ ቤትህ ሲወድቅ አይተሃል አይደል?"

"አይቻለሁ፣ ልጄ። ዓይን አለኝ።"

"ታዲያ?"

"እናትሽ የሞተች ጊዜ በገንዘብ ነው ያሸከምኳት። ተሸካሚዎቹ መንገድ ላይ አስቀመጧትና 'ጨምር' አሉኝ። ፀሐይ ላይ አስተኝተዋት ስለምናቸው መንደሩ በሙሉ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔን ማን ይሸከመኛል?"

ዴሳፓን እጁን ልብሱ ላይ ጠረገ፤ ቅጠሉን አንሥቶ አፉ ከተተ።

"ጎሽ! በሉ ወደ ምሳ፤" አለ ኩፑራጅ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። "ኢንጂነር፣ ለሚቀጥለው ፈተና እነዚያን ቤቶች አትደርድሪያቸው። ሲታዩ ደስ አይሉም።"

ከውጭ የመኪና በር ሲከፈት፣ ቀጥሎም የኩፑራጅ ድምፅ ተሰማ።

"ዴሳፓን፣ አንተ ከኋላ ከዕቃው ጋር ሁን። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ይዘርጉ።"

"ይመቸኛል፣ ይመቸኛል፤" አለ አባቷ።

ማላርኮዲ ውኃውን አፈሰሰች። እርጥቡን አሸዋ እየዳበሰች ቤቶቹን ለቀመች፤ ሰባት ቁጥርን መጨረሻ ላይ አገኘችው። አጥባ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻቸው። አሸዋውን ደልድላ እንደ ቀድሞው አስተካከለች።

ከዚያ ሰባት ቁጥርን ይዛ ወደ ትልቁ መንደር ተሻገረች። ከአራተኛው ክንድ ወዲህ፣ ከኩፑራጅ ቤት አጠገብ፣ አስቀመጠችው። ቦታ ነበረ። ግራና ቀኙ አንድ አንድ ጣት ተርፎ በደንብ ይበቃው ነበር።

ጥቂት አየችው። አነሣችውና የነበረበትን ጉድጓድ በመዳፏ አለሰለሰች። ከአሥራ አንዱ ጋር ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ ክዳኑን ገጠመች፤ ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።