የዋንዛው ዞኮሎ

የይገዙ ሥራ ሚስማር አወጣ ተባለ። ይህን የሰማሁት ከምቀኛ አፍ ቢሆን ስቄ ባለፍኩ፤ የነገረችኝ ግን የገዛ ሚስቴ የዓለምወርቅ ናት። ጎረቤታችን መሰለች ታማ ተኝታ ልትጠይቃት ሄደች፤ ግድግዳውን ተጠግታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ስትነሳ ነጠላዋን ሚስማር ያዘውና እስከ ጥለቱ ተተረተረ። "ያንተው ዞኮሎ ነው" አለችኝ፣ ቅዳጁን ፊቴ ላይ እየዘረጋች። ደሜ ፈላ።

ዞኮሎ የምንለው ከግድግዳው ግርጌ ወለሉን ተከትሎ የሚዞረውን ጣውላ ነው። የመሰለችን ቤት ዞኮሎ በደረቀ ዋንዛ ሠርቼ፣ በጎማላካ ወልውዬ እያብለጨለጨ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። በጉለሌ አናጢ ሞልቷል፤ እርጥብ እንጨት ላይ ሚስማር መትቶ፣ እንጨቱ ሲደርቅና ሚስማሩ ብቅ ሲል "ብርዱ ነው" የሚል አናጢ ማለቴ ነው። እኔን ከነሱ ጋር የሚቆጥረኝ ሰው ካለ ስሙን ይንገረኝ። በማግስቱ ጠዋት ቁስቋም ማርያም ኪዳን አስደርሼ፣ እህል እንኳ ሳልቀምስ የዕቃ ሳጥኔን አንጠልጥዬ የመሰለችን በር አንኳኳሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው።

መሰለች በሩን ገርበብ አድርጋ መሐሉ ላይ ቆመች። ፊቷ ገና የበሽተኛ ፊት ነበር።

"ጋሽ ይገዙ፣ ዛሬ አይሆንም፤ ሌላ ቀን ይምጡ።"

"የሚስቴን ነጠላ የቀደደ ሚስማር ቀጠሮ አይሰጠውም። እስቲ ዞር በይ።"

"ጌጡ ሥራ ላይ ነው፤ እሱ ሲመጣ ቢሆን..."

"ጌጡ ምን ያደርግልኛል? መዶሻው ያለው እኔ ጋ" አልኳትና አልፌያት ገባሁ።

ባሏ ጌጡ ጴንጤ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ እቤቱ ሰው ሰብስቦ አስጸለየ ተብሎ አምና ታስሮ ነበር። ሲፈቱት፣ ሁለተኛ ከተያዘ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ እቅጩን ነግረውታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ በነሱ ሃይማኖት አልገባም። የመጣሁት ለዞኮሎዬ ነበር።

ተንበርክኬ በእጄ እየዳሰስኩ ዞርኩ። ሦስቱ ግድግዳ እኔ እንደተውኩት ልስልስ ብሎ ይገኛል። ሚስማር ያወጣው በአልጋው በኩል ያለው አንዱ ጣውላ ብቻ ነው። እንጨት ሲደርቅ የሚያወጣው ሚስማር ቀጥ ብሎ ነው ብቅ የሚለው፤ እነዚህ ግን ጎብጠዋል። ዙሪያቸውን ደግሞ ዋንዛዬ በክብ በክቡ ሰርጉዷል።

"በዘነዘና ነው የመታሽው?" አልኳት።

ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች።

"ዋንዛዬን እንደ በርበሬ ወቀጥሽው? ለምን ብለሽ ነቀልሽው?"

እኔም እልህ ያዘኝ። ጣውላው እንዳይጎዳ መሮዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሥሩ ሰደድኩና ፈንቀል አደረግኩት፤ እንደ ሳጥን ክዳን ተነሳ። ከኋላው የጭቃው ግድግዳ ተቦርቡሯል። በጉድጓዱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ መጽሐፍ ቅዱሶችና የመዝሙር መጽሐፎች ተደርድረዋል።

ቁጣዬ ወዲያው በረደ። በቦታው ፍርሃት መጣ፤ አልዋሽም።

"ጋሽ ይገዙ፣ ልጆች አሉኝ" አለች መሰለች። አንጀቴን በላችኝ።

ጣውላውን ወደ ቦታው መልሼ በእጄ ደግፌው ሳለሁ ግቢው ውስጥ የጫማ ኮቴ ተሰማ። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ዓምሃ ነው፤ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ዘው አለ።

"ከዚህ ቤት መዝሙር ተሰምቷል የሚል ጥቆማ ደርሶናል" አለ። "ቤቱ ይፈተሻል።"

ብነሳ ጣውላው ይወድቃል። ስለዚህ አልተነሳሁም። እጄ ሥራ ላይ ሲሆን አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ተሰጥኦ እግዜር ሰጥቶኛል። ልቤ የፈለገውን ያህል ይምታ።

"ዓምሃ፣ ና እስቲ ይህን ያዝልኝ" አልኩት።

"ጋሽ ይገዙ፣ ፍተሻ ላይ ነን እኮ።"

"ጓደኞችህ ይፈትሹ። አንተ በጉልበትህ ደገፍ አድርግልኝ። ወይስ ይህች በሽተኛ ትያዝልኝ?"

መሰለችን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተንበረከከና ጉልበቱን ጣውላው ላይ ተከለ። ልክ መዝሙሮቹ ያሉበት ላይ።

ሁለቱ ፍራሹን ገለበጡ፤ ሳጥኑን ከፈቱ፤ ኮርኒሱን በእንጨት ነካኩ። እኔ ከጉጠቱ ሥር ቁራጭ ቆዳ እያስገባሁ፣ ዋንዛውን እንዳይነክሰው እየተጠነቀቅኩ፣ የጎበጡትን ሚስማሮች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ከየቀዳዳው ፈንጠር አድርጌ ራስ አልባ ሚስማር መታሁ። መዶሻው እንጨቱን እንዳይነካ፣ የመጨረሻውን ምት ጫፉ በደነዘዘ ብረት እየገፋሁ ሚስማሩን ከጣውላው ፊት ዝቅ አደረግኩት።

"ጫን በል" እለዋለሁ ዓምሃን። "ምን ያንቀጠቅጥሃል? ጠመንጃውንም እንዲህ ነው የምትይዘው?"

ጓደኞቹ ሳቁ። ዓምሃ አፈረና በሙሉ ክብደቱ ተጫነ። እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ቀዳዳዎቹ ቀሩ። ኪሴ ውስጥ ከኪዳን የተረፈ የጧፍ ቁራጭ ነበረኝ። በጣቶቼ አሸት አሸት አድርጌ አለሰለስኩትና ከዋንዛ ሰጋቱራ ጋር ለወስኩት፤ ቀዳዳዎቹን ደፈንኩበትና በጎማላካ አሸሁት። የቁስቋም ማርያም ሰም የጴንጤ መዝሙር አተመ፤ እሷ ታውቃለች፣ አትቆጣም።

ዓምሃ በአውራ ጣቱ ጣውላውን ዳር እስከ ዳር ዳበሰ። "የቱ ጋ ነበር የመታኸው?" አለ፣ ረስቶ አንተ እያለኝ።

"ካገኘኸው ሥራዬን እተዋለሁ" አልኩት።

ባዶ እጃቸውን ወጡ። መሰለች ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። ሲወጣላት ዓይኗን እየጠረገች፣ "ሐሙስ ሰዎች ይመጣሉ፤ እንዴት ልንከፍተው ነው?" አለችኝ።

"አንቺ አትከፍቺውም። ዘነዘናሽን ለበርበሬሽ አቆዪው። እኔ እከፍታለሁ፣ እኔው መልሼ እመታለሁ።"

ሐሙስ ከሰዓት መጣሁና ጣውላውን በደንብ አነሳሁላቸው። ጌጡ እጄን ይዞ፣ "ጋሽ ይገዙ፣ በእኛ ጦስ እርስዎም ይታሰራሉ" አለኝ።

"መጀመሪያ ድምፃችሁን እናስተካክል" አልኩት። "ባለፈውም የጠቆመባችሁ መዝሙሩ ነው።"

ግቢው ውስጥ፣ ከበሩ ደፍ አጠገብ፣ ድንጋይ ፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከቤቴ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ ጎባጣ ሚስማር ይዤ ነበር። እነሱ ውስጥ ሲጀምሩ እኔ ውጭ ሚስማር ማቃናት ጀመርኩ። ድምፃቸው ከፍ ሲል መዶሻዬም ከፍ ይላል፤ እነሱ ዝም ሲሉ እኔም አርፋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ ሆነ። ሰፈሩ ይገዙ ሚስማር መግዛት ሰሰተ ብሎ አማኝ፤ ይበሉ አልኩ።

አንድ ሐሙስ መዝሙራቸው ረዘመ። ዜማቸው አይጥመኝም፤ ያን ቀን ግን መሰለች ሌሎቹን አስከትላ ስታዜም ቢያቆሙ ቅር ይለኝ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ ብመለከት አንድም ጎባጣ ሚስማር አልቀረም። ቀና ስል ዓምሃ ጠመንጃውን አንግቶ በአጥሩ ጥግ ይመጣል።

ካቃናኋቸው አንዱን አነሳሁና ድንጋዩ ላይ አድርጌ መልሼ ማጉበጥ ጀመርኩ።