የመሰለች የእርሾ ዳቦ

ሀጂራ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚታወቅ ሴት ናት። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጉልበቷ አስቸገራት። ከታክሲ ወርዳ እስከ ቤቷ ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳታርፍ አትወጣውም። በመጨረሻ ባሏ ኑሕ እየጎተተ ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ ሩፋይዳ የምትባል ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ መዘነቻትና፣ "ጉልበትዎ ሸክም በዝቶበት ነው። አሥር ኪሎ መቀነስ አለብዎት" አለቻት።

"ሌላውን ሁሉ እተዋለሁ ልጄ፤ ዳቦ ተዪ ብቻ አትበዪኝ።"

ሩፋይዳ ሳቀች። "አይተዉትም። ነጩን ፉርኖ ይተዉና ካልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ያለ ስኳር፣ በእርሾ አድሮ የቦካ ዳቦ ይብሉ፤ ቶሎ አያስርብዎትም። ግን ጠዋት አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ከእንቁላልና ከአትክልት ጋር። እርሾ ስላለው አያወፍርም ማለት አይደለም፤ እንዳይሳሳቱ።" አንድ ቁራጭ ምን ያህል እንደሆነም በመዳፏ አሳየቻት፤ ጣቶቹን ሳይጨምር።

እንዲህ ያለውን ዳቦ ሰፈሩ ውስጥ የምትጋግረው የአጥር ጎረቤቷ መሰለች ነበረች። መሰለች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ እሁድ እሁድ ለቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ትጋግራለች። ሀጂራ ነገሩን ስታጫውታት፣ "ላንቺ ጉልበት ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው!" ብላ በሳምንት ሁለት ቀን ልትጋግርላት ተስማማች። ስንዴውን ራሷ ለቅማ ጋሽ ወልዱ ወፍጮ ቤት ታስፈጫለች፤ ከሥራ ስትገባ ታቦካለች፤ ሥራ ከመሄዷ በፊት ትጋግራለች። ጠዋት ጠዋት ለጤናቸው ብለው ከሀጂራ ጋር በእግር የሚሄዱት አራት ሴቶችም ወሬውን ሰምተው "ለእኛም" አሏት። ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመካከላቸው አንዷ በሆነችው በአሪፋ ቤት ተሰብስበው ሚዛን ላይ ይወጣሉ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሀጂራ ሁለት ኪሎ ቀነሰች። ደስታዋ ወሰን አጣ።

ከዚያ ዝናቡ ጠና፤ ገበያው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ፣ ጠዋት ከመሰለች የተቀበለችውን ዳቦ ከዘንቢሏ አወጣች። አንድ ጊዜ ቆረሰች። "የእርሾ ነው፤ ምን ያደርጋል" አለች ለራሷ። ሁለተኛውን በስኳር ሻይ አወራረደችው። ሦስተኛውን ከተቆለለው ጋቢ ጀርባ ዞራ በላችው። ዳቦው አልቆ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ ስታራግፍ፣ ማንም ሳያያት አንገቷን ደፋች። እንዳትደግመው ለራሷ ማለች። በማግስቱ ግን ከዳቦ ቤት ሌላ ገዝታ ደገመችው። ማታ ቤት ስትገባ ጎመን ብቻ ትቀማምስና "ጠግቤያለሁ" ትላለች። ኑሕ "አላህ ያጽናሽ" ሲላት ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሁለት ቅዳሜ ሰበብ ፈልጋ ቀረች። በሦስተኛው አሪፋ ራሷ መጥታ ወሰደቻት።

ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ጨምሮ ቁጭ አለ።

"ምን በልተሽ ነው ሀጂራ?" አለች አሪፋ፤ በክፋት አልነበረም።

ሀጂራ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። መሰለች የዚያን ቀን መዝሙር ጥናት ሄዳ እዚያ አልነበረችም። "እኔ እንጃ... እ... ማለቴ፣ ዳቦው ይመስለኛል። መሰለች ስኳር ሳትጨምርበት አትቀርም። ዱቄቱም ነጭ ነገር የተቀላቀለበት ይመስላል።"

"ለካ እኔንም የሚነፋኝ ለዚህ ነው!" አለች አንዷ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በሚቀጥለው ሳምንት አንዷ "ሆዴን አሞኛል"፣ ሌላዋ "ቤት ውስጥ ዳቦ ተርፎብኛል" እያሉ አራቱም ተዉት።

ሐሙስ ከሥራ መልስ መሰለች ፈላጊ ያጣውን ዳቦ እንደታቀፈች ሀጂራ ቤት ገባች።

"ዳቦዬ ስኳር አለው፣ ዱቄቱም ነጭ የተቀላቀለበት ነው ተባለ አሉ። ማን እንዳለ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። እኔ ደግሞ ጋሽ ወልዱ ነጭ ዱቄት ቀላቅለውብኝ ይሆናል ብዬ ሄጄ፣ ሰው ፊት ሌባ አልኳቸው። ሰውየው ማሉ፣ ተገዘቱ፤ እምቢ አልኩ።" ድምጿ ተቆራረጠ። "አንቺ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትበይዋለሽ። ቅዳሜ አብረን እንሂድና መስክሪልኝ።"

መናገር ካለባት ያኔ ነበር። ሀጂራ ግን "እሺ" ብቻ አለች፤ ዓይኗን ከምንጣፉ ማንሳት አቃታት።

ቅዳሜ መሰለች ዱቄቷን በላስቲክ ቋጥራ፣ እርሾዋን በብርጭቆ ይዛ መጣች። ሴቶቹ አይተው እንዲቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "ሀጂራ ትንገራችሁ" አለች።

ሀጂራ "ዳቦው ደህና ነው" ብላ ልታልፈው ነበር ያሰበችው። ነገር ግን የመሰለች ጣቶች ላይ የደረቀ ሊጥ አየች።

"ስኳር የለውም" አለች። "ስኳር አለው ያልኩት እኔ ነኝ። ሱቅ ውስጥ ተደብቄ ዳቦውን ሙሉ እየበላሁ ነው የወፈርኩት። አፍሬ ዋሸሁ።"

አሪፋ ሻሿን ማስተካከል ያዘች። መሰለች ሀጂራን ትክ ብላ አየቻት።

"ብትነግሪኝ አብረን እንስቅ ነበር፤ በቃ" አለች። "እኔ ግን ባንቺ ምክንያት የሰው ስም አጥፍቻለሁ።" ዱቄቷንና እርሾዋን ሰብስባ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ሀጂራ ሱቋን ሳትከፍት ወፍጮ ቤት ሄደች። ጋሽ ወልዱ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰዋል፤ ወፍጮው ጆሮ ያደነቁራል።

"ጋሽ ወልዱ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት!"

"ስንት ኪሎ ነው?"

"መሰለች እርስዎን የተቆጣችው በእኔ ምክንያት ነው!"

"እ?"

"ዳቦውን የበላሁት እኔ ነኝ!"

ሊሰሟት ብለው ወፍጮውን ያጠፉት በዚያችው ቅጽበት ነበር። ጩኸቷ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጆሮ ገባ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሀጂራ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እንደምንም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው።

ጋሽ ወልዱ እጃቸውን ጠራረጉ። "እንዲበላ አይደል እንዴ የምንፈጨው" አሉ። ወደ ወፍጮው ዞር ብለው፣ "ሌባ ስባል ግን ባለቤቴ እዚህ ቆማ ነበር" አሉና ወፍጮውን መልሰው አስነሱት።

ሴቶቹ ወደ መሰለች ዳቦ ተመለሱ። ሀጂራ ግን ለእሷም እንድትጋግርላት ለመጠየቅ ድፍረት አልነበራትም። ሁለት ሳምንት አልፎ መሰለች በአጥሩ ላይ እርሾ በብርጭቆ አቀበለቻት። "እኔ ላንቺ መጋገሩ ገና አልመጣልኝም። ራስሽ ጋግሪ" አለቻትና ገባች።

ሀጂራ አቦካች። በማግስቱ ሊጡ ምንም ሳይነሳ እንዳለ ነበር። አጥሩ ሥር ሄዳ ብዙ ቆመች፤ ስሟን ለመጥራት እንኳ አፈረች።

"መሰለች... ሊጡ እምቢ አለኝ።"

ወዲያ ማዶ ይሰማ የነበረው ሳህን ማጠብ ተቋረጠ።

"ቤትሽ ይበርዳል" አለ የመሰለች ድምፅ። "ምድጃ አጠገብ አስጠጊው። ጨርቅ አልብሺው።"

ሳህን ማጠቡ ቀጠለ።